ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር «ዓለም አቀፍ» መድረክ የለም

በንዴት ስለምጽፍ ሐሳቤ ቢዘበራረቅ ታገሱኝ። በሥራ አጋጣሚ አንድ የፕሮጀክት ሰነድ እጄ ገብቷል። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ ክልሉንም አልጠቅስም። ከአስፋልት ወጥቶ በፒስታ በሚደረስ ወረዳ ላይ 2000 ወንበር ያለው «ዓለም አቀፍ የትርዒት ጥበባት ማዕከል» ሊገነባ ነው ይላል። ሽፋኑ ላይ የታወቀው ስሪዲ ሥዕል አለ፦ መስታወት፣ ፏፏቴ፣ ማታ የሚያበራ ጉልላት፣ በረንዳው ላይ የሚሳሳቁ ፈረንጆች። ገጹን ሁሉ አገላብጬ ስለ ድምፅ ያገኘሁት «ዘመናዊ ሳውንድ ሲስተም ይገጠምለታል» የምትል አንዲት መስመር ናት።

እኔ የመድረክ ድምፅና መብራት ሰው ነኝ። ገጠር ላይ ዓለም አቀፍ ማዕከል አይሆንም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ሆኗል፤ ያውም ከእኛ ወረዳ በማይሻሉ ቦታዎች። የሚያበግነኝ፣ የሆነበትን መንገድ ገልብጠው «ተሞክሮ ቀስመናል» ማለታቸው ነው። በቁጥር ላስቀምጠው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. ቡርኪና ፋሶ ውስጥ «ተሠርቶ ቱሪስት ያጎረፈው» ኦፔራ ቤት

ሰነዱ ላይ አለ፤ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይም ከነፎቶው ሲዞር አይቼዋለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመናዊው የቴአትርና የፊልም አዘጋጅ ክሪስቶፍ ሽሊንገንዚፍ ከዋጋዱጉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ላኦንጎ የኦፔራ መንደር ለመመሥረት ተነሣ። ንድፉን የሠራው ኋላ በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት ያገኘው የዚያው አገር ልጅ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ2010 መጀመሪያ ተቀመጠ። ሽሊንገንዚፍ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በካንሰር ሞተ፤ ሥራውን ባለቤቱ አይኖ ላበሬንዝ ቀጠለችበት።

ከዚያስ ቀድሞ ምን ተከፈተ? ትምህርት ቤት፣ በ2011። ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ በ2014። በንድፉ እምብርት ላይ የተሣለው ትልቁ አዳራሽ ቦታው ለዓመታት ባዶውን ቆየ። ይህን ውድቀት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰዎቹ መጀመሪያውኑ ልጆቹን ከመድረኩ ማስቀደም ፈልገዋል። የመንደሩ ልጆች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ፊልም፣ ሙዚቃና ሥዕል ይማራሉ። ስለዚህ «ቡርኪናዎች ኦፔራ ቤት ገንብተው ገቢ አገኙ» እያላችሁ የምታጋሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ፎቶውን ደግማችሁ እዩት። የምታዩት መማሪያ ክፍል ነው።

2. የጃፓኗ ቶጋ

ይቺ በቶያማ አውራጃ ተራራ ላይ ያለች፣ ክረምቷን በበረዶ ተቀብራ የምታሳልፍ፣ ወጣቱ እየተሰደደ ሽማግሌ የቀረባት መንደር ናት። የቴአትር አዘጋጁ ሱዙኪ ታዳሺ ቡድኑን ይዞ ከቶኪዮ ወደዚያ የገባው በ1976 ነው። ልብ በሉ፣ ቡድኑ ከተመሠረተ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። የመጀመሪያው ቴአትር ቤታቸው ደግሞ ሳር ክዳን ያለው የቆየ የገበሬ ቤት ነው፤ ውስጡን አስተካክለው ገቡበት። አርክቴክቱ ኢሶዛኪ አራታ ኩሬ ዳር ያለውን ክፍት ቴአትር የሠራላቸው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የጃፓን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቴአትር ፌስቲቫል እዚያ ሲጀመር ነው። በ2019 የቴአትር ኦሊምፒክስን ከሴንት ፒተርስበርግ ጋር ተካፍለው አስተናግደዋል። ከገበሬ ቤት እስከዚያ ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የእኛው ሰነድ ላይ «ምዕራፍ አንድ» እና «ዓለም አቀፍ ደረጃ» መካከል ያለው ርቀት ሁለት የበጀት ዓመት ነው።

3. እንግሊዝ፣ ስኔፕ

አቀናባሪው ቤንጃሚን ብሪተንና ጓደኞቹ የኦልድብራን ፌስቲቫል በ1948 ጀመሩ። እስከ 1967 ድረስ የራሳቸው ትልቅ አዳራሽ አልነበራቸውም፤ በትንሽ የከተማ አዳራሽና በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ነበር የሚሠሩት። 19 ዓመት! ከዚያ ስኔፕ መንደር ውስጥ ሥራ ያቆመ የብቅል ፋብሪካ አግኝተው ወደ 830 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አደረጉት። ንግሥቲቱ መረቀችው፤ በሁለት ዓመቱ፣ በ1969ኙ ፌስቲቫል የመጀመሪያ ሌሊት ተቃጠለ። ፌስቲቫሉ ግን አልተሰረዘም። ኦፔራው ወደ ብላይዝበርግ ቤተ ክርስቲያን ተዛውሮ ታየ፤ አዳራሹም በዓመቱ ተጠግኖ ተከፈተ። ሕንፃው ሲነድ ሥራው ከቀጠለ፣ ማዕከሉ ሕንፃው አልነበረም ማለት ነው። እኛ ጋ ነገሩ ድንኳን ተክሎ ሙሽራ ፍለጋ መውጣት ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ። ጣሪያው።

የሰነዱ የጣሪያ ዝርዝር «ባለ ቀለም ቆርቆሮ፣ በብረት ትራስ (ጣሪያ ተሸካሚ አጽም) ላይ» ይላል፤ ከሥሩ ቀጭን ጌጠኛ ኮርኒስ። አለቀ። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ ስልክ ለማናገር የሞከረ ሰው ችግሩን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ቁጥሩን ግን ልስጣችሁ። ጠንከር ያለ ዝናብ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ጫጫታ ከ70 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። ተዋናይ ጉሮሮውን ከፍቶ አንድ ሜትር ላይ 70 ቢያሰማ፣ አሥር ሜትር ርቆ ለተቀመጠው በቀጥታ የሚደርሰው 50 አካባቢ ነው። ደህና አዳራሽ ደግሞ ሰው ሳይናገር ከ25 ብዙ ማለፍ የለበትም። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። ዝናቡ ተዋናዩን በ20 ዴሲቤል ይበልጠዋል።

«ማይክ እንሰጠዋለን» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ዝናቡን ለማለፍ ስፒከሩን 85 እና ከዚያ በላይ ስታደርሱት ማሲንቆው ማሲንቆ መሆኑ ይቀራል። የጭራው ፍቅታ፣ የአዝማሪው ትንፋሽ፣ የክራሩ የጣት ንክኪ ሁሉ ይሄዳል። ሰው ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከፍራንክፈርት ተነሥቶ ፒስታ መንገድ የሚገባው ስፒከር ለመስማት ከሆነ እቤቱ አለው።

ሌላ የምሰማው ደግሞ «ግድግዳው ላይ ስፖንጅ እንለጥፋለን» የሚለው ነው። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉም አሉ። ለስንተኛ ጊዜ ልድገመው? ስፖንጅና ካርቶን ክፍሉ ውስጥ ያለውን የቀጭን ድምፅ ማስተጋባት በመጠኑ ይቀንሳሉ እንጂ ከውጭ የሚገባ ድምፅ አያግዱም። ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ክፍተት ነው። ላይ ቆርቆሮ፣ መካከል አየርና ፋይበር ግላስ፣ ታች ከባድ ንጣፍ፤ ኮንክሪት ሊሆን ይችላል፣ ከትራሱ ጋር በግትር ብረት ሳይሆን በላስቲክ ወይም በስፕሪንግ የተንጠለጠለ ድርብ ጂብሰም ሊሆን ይችላል። ኬሬ ራሱ ጋንዶ በተባለው የትውልድ መንደሩ በሠራው ትምህርት ቤት የጡብ ኮርኒስ አድርጎ ቆርቆሮውን ከላዩ ከፍ አድርጎ ለይቶታል። እሱ ያሰበው ለሙቀት ስለሆነ አየር ማስወጫ ክፍተት ትቷል፤ አዳራሽ ቢሆን ያ ክፍተት መደፈን ነበረበት። ሐሳቡ ግን እዚያው ነው፦ ዝናቡ የሚመታውና ሰው ከሥሩ የሚቀመጥበት ነገር አንድ አይሁን።

የቶጋው ሳር ክዳንስ? ዝናብ ሳር ላይ ሲወርድ አያንኳኳም። አያቶቻችን ይኖሩበት የነበረውን፣ እኛ «ኋላ ቀር» ብለን ያፈረስነውን ጣሪያ እነሱ ቴአትር አደረጉት። የእሳቱ ጉዳይ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቢሆንም ለ300 ሰው የሚሆን ሰፊ የሳር ቤት መድረክ ለመጀመር ከ2000 ወንበር ቆርቆሮ ይሻላል ብል ሰነዱን ያዘጋጁት ሰዎች ይስቁብኛል።

ይህ ሁሉ በኋላ የሚስተካከል ቢሆን ዝም እል ነበር። አይስተካከልም። ከባድ ኮርኒስ ልጨምር ስትሉ ትራሱ ያን ክብደት እንዲሸከም አልተሰላም። ስለዚህ የድምፅ ሰው መጠራት ያለበት እርሳስ ወረቀት ላይ ሳያርፍ ነው። እኛን መቼ ይጠሩናል? ለምርቃት ሳምንት ሲቀረው! «ድምፁ ይጮኻል፣ አንድ ነገር አድርግ» ይባላል። ጣሪያው ተሠርቷል፣ ግድግዳው እብነ በረድ ነው፣ ሪባኑ ተገዝቷል። ምን ላድርግ?

ዕቃውማ ሌላ ጉድ ነው። ዝርዝሩ ከሆነ ቦታ ተገልብጦ ይመጣል፤ ግዥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን አሸናፊ ያደርጋል፤ ርክክቡን የሚፈርመው ኮሚቴ ስፒከሩ መብራቱ በራ ወይ ብሎ ያያል እንጂ ማንም ቁጭ ብሎ አይሰማም። በዓመቱ አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል፣ መለዋወጫ የለም። ከዚያ ለሰርግና ለስብሰባ የሚከራይ አዳራሽ ይሆናል። በዚህ ሰነድ የሰው ኃይል መዋቅር ላይ ጥበቃ አለ፣ ሹፌር አለ፣ ሕዝብ ግንኙነት አለ፣ ፕሮቶኮል አለ። የመድረክ ቴክኒሻን የሚባል የሥራ መደብ የለም። አንድም።

4. የካፒታል በጀትና የመደበኛ በጀት ነገር

ሕንፃ በካፒታል በጀት ይቆማል። መብራት፣ ደመወዝ፣ ናፍጣ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የእንግዳ አልጋ ግን መደበኛ በጀት ነው። ለመጀመሪያው ሪባን ይቆረጣል፤ ለሁለተኛው ማንም ካሜራ ይዞ አይመጣም። ሴኔጋል ውስጥ ሙድራ አፍሪክ የሚባል ትልቅ የዳንስ ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1977 ተከፈተ፣ ከጀርባው ፕሬዚዳንት ሴንጎርና ኮሪዮግራፈሩ ሞሪስ ቤዣር ነበሩ። ሴንጎር ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ድጋፉ ደክሞ ተዘጋ። ስትመራው የነበረችው ዤርሜን አኮኚ ግን ዳንሱን አልተወችም። ከባለቤቷ ጋር ከዳካር ወጣ ብላ ቱባብ ዲያላው በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ኤኮል ደ ሳብል የተባለውን የዳንስ ትምህርት ቤት አቋቋመች። ዋናው መለማመጃ ወለሉ አሸዋ ነው። ዛሬ ከመላው አፍሪካ ዳንሰኞች የሚሰባሰቡበት ቦታ ነው፤ የኮሪዮግራፈሯን የፒና ባውሽን «የፀደይ ሥርዓት» ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ዳንሰኞች እዚያ ተለማምደውታል። እብነ በረድ የት አለ?

የዓመቱ መርሐ ግብርስ? ሰነዱ «ዓመቱን ሙሉ ትርዒት» ይላል። የትኛውን ዓመት? የአውሮፓ ቡድኖች የሚዞሩበት ሐምሌና ነሐሴ ለእኛ ዋነኛው ክረምት ነው፤ ፒስታው ጭቃ፣ ገበሬው እርሻ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ዘፈንና ጭፈራ አያስኬድም። ደህና የሚሠራበት ጊዜ ከጥምቀት እስከ ሁዳዴ መያዣ፣ ከዚያ ከፋሲካ እስከ ግንቦት መጨረሻ፣ ከመስቀል በኋላ ደግሞ ጥቅምት ነው። ቶጋዎችም ትልቁን ፌስቲቫላቸውን በረዶ በሌለበት በበጋ ነው የሚያደርጉት። አቅዱ እንጂ ከአየር ጠባይና ከጾም ጋር አትከራከሩ።

የዕቃ መግቢያውንም ሳልል አልቀርም፦ ሥዕሉ ላይ ከመድረኩ ጀርባ ተሳቢ መኪና ተጠግቶ የሚያራግፍበት በር የለም። ኮንቴይነር ሙሉ ዲኮር በእንግዳ መቀበያው፣ በመስታወቱ በር ሊገባ ነው። ትራንስፎርመሩና ጀነሬተሩ ደግሞ ከመድረኩ ግድግዳ ጋር ተለጥፈዋል። ተውኩት።

«ጨለምተኛ» የምትሉኝን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የምፈልገውን ልናገር። ይህን ሰነድ የሚያጸድቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላችሁ ልጆች ታነቡኛላችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የጣሪያውን ቁመተ ቁርጥ ከነንጣፉ ውፍረት፣ የሦስተኛውን ዓመት መደበኛ በጀት፣ ቡድኖቹና ወሮቹ የተጻፉበትን የ12 ወር መርሐ ግብር። ሦስቱ ከሌሉ ስሪዲው እንዲታይ አትፍቀዱ። ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ ከአሥር እጁ አንዱን አሁኑኑ አውጡ፤ በአካባቢው ያሉትን አዝማሪዎች፣ የትምህርት ቤት የቴአትር ክበባትና ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ቅጠሩበት፣ የቀበሌውን አዳራሽ ተከራዩና ለሦስት ዓመት አሠሩዋቸው። ተመልካቹ ከጎረቤት ወረዳ መምጣት ከጀመረ ስንት ወንበር እንደሚያስፈልግ በግምት ሳይሆን ከትኬት ጉርድ ትቆጥራላችሁ። የዚያን ጊዜ ጥሩኝ፤ ጣሪያውን ሳይከፈለኝም እሠራላችኋለሁ።