የሸጎሌው ቤት፦ ጽድ፣ ጭቃና በረንዳ

የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ የሰው ስም እየጠራ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ይህ የጉለሌ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዥ ከሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው፤ ሆጀሌ በሰው አፍ ሲመላለስ ሸጎሌ ሆነ። ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ቤኒ ሻንጉልን ለዳግማዊ ምኒልክ ካስገበሩ በኋላ ሼሁ ወርቅ ገባሪ ሆኑ። በአዲስ አበባ ያቆሙት ቤትም በዚሁ ሰፈር ነው።

ቤቱ ከተማዋ ከድንኳንና ከሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ በተሻገረችበት ዘመን የበቀለ ነው። የዚያ ዘመን መኳንንት ቤት አጥንቱ እንጨት፣ ሥጋው ጭቃ ነው። እርጥበትና ምስጥ እንዳይወጣ መጀመሪያ የድንጋይ መሠረት ይጣላል። ወጋግራው በማገር ይታሰርና ከጭድ ጋር ቦክቶ የከረመ ጭቃ ይመረግበታል። ለምሰሶና ለወለል የሚመረጠው ጽድ ነበር፤ ዘይት ያለው እንጨት ስለሆነ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። የእንጦጦ ጽድ በማገዶና በቤት ሥራ ሲመናመን ግን በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ማገሩንም ጣሪያውንም ተረከበ።

ለእነዚህ ቤቶች መልክ የሰጣቸው በረንዳው ነው። የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከአገሬው አናጢ ጋር ሲሠሩ በጣውላ የተከረከመ ጌጥ፣ የእንጨት ደረጃና ቤቱን የሚዞር በረንዳ ተለመደ። ጌጥ ብቻ ግን አይደለም። የሐምሌ ዝናብ ከእንጦጦ በነፋስ እየተገፋ በአግድም ሲመጣ ዱላውን የሚቀበለው በረንዳው ነው፤ የጭቃው ግድግዳ ከኋላው ደርቆ ይከርማል። ጉዳይ ያለውም ሰው ባለቤቱ እስኪወጣ ደጅ የሚጠናው እዚያው ጥላ ሥር ነበር።

ትርፍ ቤቶች በ1967 ዓ.ም. ሲወረሱ ብዙ የመኳንንት ቤቶች ለመሥሪያ ቤትና ለተከራይ ተከፋፈሉ። የብዙዎች የሆነ ጣሪያ ደግሞ ጠጋኙ አይታወቅም። አንድ ቆርቆሮ ሲቀደድ ውሃው ጭቃውን ያወርዳል፤ ጭቃው የለቀቀው ወጋግራ ከእግሩ ይበሰብሳል፤ ወጋግራው ሲያዘነብል ደረጃው ይገነጠላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ሊጠግን የመጣ አናጢ ግድግዳውን ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሰላሉን ይዞ ጣሪያው ላይ ይውጣ።