ከላስታ እስከ አራት ኪሎ፦ የሕዝብ እንደራሴ ሥራ

ላስታ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ ከመራጩ ጋር ሲቀመጥ ጥያቄው በርዕስ በርዕስ ተከፋፍሎ አይመጣም። ማዳበሪያው ለምን ዘገየ የሚል ገበሬ፣ ስሟ ከሴፍቲኔት መዝገብ የተሰረዘባት እናት፣ እንግዳ ጠፍቶበት ሥራ የፈታ አስጎብኚ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ወፍጮው የሚቆምበት ነጋዴ፣ በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከለው ብረት ያሳሰባቸው ካህን ተራ በተራ ይነሳሉ። ሁሉም የሚያመለክቱት ለአንድ ሰው ነው።

የዚያ ሰው የመጀመሪያ ሥራ መስማት ነው። ሁለተኛው፣ የትኛው ጥያቄ የማን ደጃፍ እንደሆነ መለየት ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው።

ማዳበሪያን እንውሰድ። ከውጭ የሚገዛው የፌዴራል ተቋም የሆነው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው፤ ከጅቡቲ ከመጣ በኋላ ለገበሬው የሚያደርሱት ደግሞ የክልሉ መዋቅር፣ ዩኒየኖችና መሠረታዊ ማኅበራት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ጉድለቱ ግዥው ላይ ነው ወይስ ስርጭቱ ላይ የሚለውን አጥርቶ መጠየቅ የሚችለው በሁለቱም በኩል ያለውን አሠራር የሚያውቅ ተመራጭ ነው። ኤሌክትሪክ፣ ዋና ዋና መንገዶችና የሹምሸሃው አውሮፕላን ማረፊያ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱና የከተማው ውኃ ግን በአመዛኙ ወደ ክልሉ መቀመጫ ባሕር ዳርና ወደ ከተማ አስተዳደሩ ያመራሉ። ለዚህም ነው የላስታ መራጭ ሁለት ድምፅ የሚሰጠው፤ አንዱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላውን ለክልሉ ምክር ቤት። በተግባር ሰው ሁለቱን ተመራጮች ለይቶ አይጠይቅም፤ ሊጠበቅበትም አይገባም። ጥያቄውን ወደ ትክክለኛው በር ማድረስ የተመራጩ ግዴታ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ለዚህ ተመራጭ የሰጠው መሣሪያ ብዙዎች ከሚገምቱት የሰፋ ነው። የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ አሁን ያሉት መቀመጫዎች 547 ሲሆኑ ከእነዚህ 138ቱ የአማራ ክልል ናቸው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት ነው። አንቀጽ 54 አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ይገልጽና ተገዥነቱን ለሦስት ነገሮች ያደርገዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። በዝርዝሩ ውስጥ ፓርቲ የለም። አንቀጽ 55 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ጉዳይ ላይ ምክር ቤቱ መወያየት አለበት።

አዋጅ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ የእንደራሴውን ቀን ለመረዳት ይጠቅማል። አብዛኛው ረቂቅ የሚመነጨው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አራት ኪሎ፣ ምክር ቤቱ ዘንድ ሲደርስ በመጀመሪያ ንባብ ይቀርብና ለዝርዝር እይታ ወደሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ቴሌቪዥን ላይ እምብዛም የማይታየው እውነተኛው ሥራ እዚህ ነው። ኮሚቴው አርቃቂዎቹን በአስረጂነት ይጠራል፣ ባለድርሻዎችን በይፋዊ መድረክ ያወያያል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያሻሽላል፣ ከዚያ የውሳኔ ሐሳብ ይዞ ይመለሳል። ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ተገኝተው ምልዓተ ጉባኤ ከተሟላ፣ ከተገኙት አብላጫው የደገፈው ረቂቅ ይጸድቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙበት ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል፤ በነጋሪት ጋዜጣም ይታተማል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ሲጸድቅ 23 አባላት ተቃውመውት ነበር። ውጤቱን አልቀየሩትም፤ ግን መቃወማቸው በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይኖራል።

ላሊበላን በቀጥታ የሚነካ ሕግ የቱ ነው ቢባል፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከፊት ይሰለፋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስን ለመጠገን የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን አገራዊና ክልላዊ ብሎ ይመድባል። አዲስ አበባ ላይ ሲነበቡ ደረቅ የአስተዳደር ሕጎች ይመስላሉ። ላስታ ላይ ግን ትርጉማቸው ሌላ ነው፤ በየዕለቱ ቅዳሴ የሚቀደስበት ቤተ መቅደስ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ማን እንደሚነካው የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ባለቤቷ ቤተ ክርስቲያን፣ ፈቃድ ሰጪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ፣ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የውጭ ለጋሽ ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል የነዋሪው ድምፅ የሚገባበት ሕጋዊ ቀዳዳ ጠባብ ነው።

በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተሠሩት መጠለያዎች ይህን ያሳያሉ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች በ2000 ዓ.ም. ተጠናቀቁ። ዝናብና ፀሐይ እንዲከላከሉ የታሰቡ ጊዜያዊ ሽፋኖች ነበሩ፤ ዓመታት አለፉ፣ አልተነሱም። ነዋሪውና ካህናቱ የምሰሶዎቹ ክብደት በአለቱ ላይ ጉዳት ያደርሳል ብለው ሰጉ፤ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት መጋቢት 3 ቀን የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኤማኑኤል ማክሮን ላሊበላን ጎብኝተው ለጥበቃው ድጋፍ ቃል ገቡ። ጉዳዩ የዓለም ዜና ለመሆን የበቃው ሕዝቡ አደባባይ በመውጣቱ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የላሊበላ ሕዝብ ተናግሯል። የሰልፉን ጩኸት ወደ መዝገብ የሚያስገባው ግን ተመራጩ ነው። ሚኒስትሩን በምክር ቤት ይጠይቃል፣ ባህልና ቱሪዝምን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ለመስክ ምልከታ እንዲመጣ ይወተውታል፣ ሰኔ ላይ በጀቱ ሲቀርብም ለጥገናው የተያዘ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ያያል። ሦስቱም ከሰልፍ ያነሰ ድምፅ አላቸው፤ የጽሑፍ መልስ የሚያመጡት ግን እነሱ ናቸው።

ከኮሚቴዎች ሁሉ ልዩ ትኩረት የሚገባው የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ነው። የዋና ኦዲተሩን ግኝት ይዞ ሚኒስቴሮችንና ዩኒቨርሲቲዎችን ያስቀምጣል፤ ያልተወራረደ ሒሳብ የት ገባ፣ ግዥው ለምን ከመመሪያ ውጭ ሆነ እያለ ይጠይቃል። በላስታ መንገድ ወይም የውኃ ፕሮጀክት ተጀምሮ ሲቆም ምክንያቱን በሰነድ ማግኘት የሚቻለው እንዲህ ባለ መድረክ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሚቴውን የመሩት የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ አባሉ አቶ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይያዝ ይደነግጋል፤ እስራቱም ይህን አንቀጽ የአደባባይ መነጋገሪያ አደረገው። መነጋገሪያ መሆኑ ተገቢ ነው። ጠያቂው የማይጠበቅ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ይቀራል።

ያ ክረምት ለላስታም ከባድ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ስለነበር አዋጁ በ15 ቀን ውስጥ መቅረብ ነበረበት፤ ነሐሴ 8 ቀን በአስቸኳይ ስብሰባ ጸደቀ። እንዲህ ያለው አዋጅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፣ ስድስት ወር ይቆያል፣ በየአራት ወሩ ሊታደስ ይችላል። አንቀጽ 93 ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋምም ያዛል፤ የታሰሩ ሰዎችን ስም በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ከተግባሮቹ አንዱ ነው። ልጁ የታሰረበት ወላጅ ከእንደራሴው ቢሮ ሊጠይቀው የሚችለው ተጨባጭ ነገር ይህ ነው።

ከዚያ በፊትም የስድስተኛው ምርጫ ዘመን ለአካባቢው የተከፈተው በመከራ ነበር። ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ፣ ሐምሌ 29፣ ላሊበላ በሰሜኑ ጦርነት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። አዲሱ ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማዋ ገና ነፃ አልወጣችም። መራጩ ስልክ በሌለበት፣ ተመራጩ ሊደርስበት በማይችልበት ቦታ ነበር። ጦርነቱ ካለፈም በኋላ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት ቆይታለች።

እንደራሴነት በዚህ አገር የቆየ ታሪክ አለው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ በቀጥታ መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ ማሻሻያ በኋላ ነው። ደርግ 835 መቀመጫ ያለው ብሔራዊ ሸንጎ አቋቁሞ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች ወገን የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፤ በ2007 ደግሞ 547ቱም መቀመጫ የገዥው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነ። ሁሉም አንድ ወገን የሆነበት ምክር ቤት ረቂቅ አያበጥርም ማለት ባይቻልም፣ የሚያበጥርበት ግፊት ግን ይቀንሳል።

በትንሿ ዌልስ ያለው አሠራር ለማነጻጸር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው፣ ካርዲፍ ላይ የሚሰበሰበው የዌልስ ምክር ቤት፣ ሴኔድ፣ ለረጅም ጊዜ 60 አባላት ብቻ ነበሩት። ቀዳማዊ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ሳምንታት ማክሰኞ ማክሰኞ የአባላቱን ጥያቄ ቆመው ይመልሳሉ። የዜጎችን አቤቱታ ብቻ የሚመለከት ኮሚቴም አለ፤ በቂ ፊርማ ያሰባሰበ ነዋሪ ጉዳዩ በኮሚቴው እንዲታይለት ያደርጋል። የላሊበላ መጠለያ ጉዳይ እንዲህ ያለ በር ቢኖረው ሰልፍ እስኪወጣ ባልተጠበቀ ነበር። አቤት ማለት ለላስታ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ የጎደለው አቤቱታው ቁጥር ተሰጥቶት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት ነው።

የምክር ቤቱ ዓመታዊ ጉባኤ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይዘልቃል፤ መሐል ላይ የአንድ ወር እረፍት ሊኖር ይችላል። ተመራጮች ወደ ምርጫ ክልላቸው የሚመለሱት በዚያ እረፍትና በክረምት ነው። ክረምት ላይ የላስታ ገበሬ እርሻ ላይ ነው፤ ከአሸተን ተራራ ወዲያ ያለው መንገድም ይጨቀያል። ስለዚህ የሚሻለው የበጋው እረፍት ነው፤ አዝመራው ገብቷል፣ ቅዳሜ ላሊበላ ገበያም የገጠሩ ሰው ይወጣል። በብልባላና በገነተ ማርያምም መሰብሰብ ይቻላል። በዚያ የተነሳው እያንዳንዱ ጥያቄ ተጽፎ ሰኔ ላይ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢቀርብ፣ መልሱም ክረምት ሲገባ በየቀበሌው ቢለጠፍ፣ መራጩ የተወካዩን ሥራ የሚመዝንበት ሰነድ ያገኛል። አመኔታ ያጣበት ዕለት ከምክር ቤት ሊያወጣው እንደሚችልም አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7 ላይ ተጽፏል።