መስማት የሚጠፋው የት ላይ ነው? ከሐራ ጤና ኬላ እስከ ደሴ ሆስፒታል

በሰሜን ወሎ፣ በሐራም ሆነ በመርሳና በወልድያ፣ የመስማት ችግር ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «የመስሚያ መሣሪያው የት ይገኛል? ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ጉዳት የሚደርሰው ሰው መሣሪያ ፍለጋ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት፣ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ሊያስቆሙት በሚችሉበት ጊዜ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት 430 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕክምናና ድጋፍ የሚያሻው የመስማት ችግር አለባቸው። ከእነዚህ 80 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት 60 በመቶ ያህሉ ደግሞ መከላከል የሚቻል ነበር።

ከሚመግል ጆሮ ይጀምራል

ጉንፋን የያዘው ሕፃን ጆሮውን እየነካ ያለቅሳል፣ ያተኩሰዋል። በመሃል ጆሮ የተጠራቀመው መግል የጆሮ ታምቡሩን ቀዶ ሲወጣ ሕመሙ ይቀልለታል። ቤተሰቡም «ፈነዳለት፣ ዳነ» ብሎ ይተወዋል። ፈሳሹ እየሄደ እየመጣ ዓመት ሲያስቆጥር ታምቡሩ ሳይጠግን ይቀራል፣ ከኋላው ያሉት ጥቃቅን አጥንቶችም ይበላሉ።

የሕፃናት ሕክምና መመሪያው ግልጽ ነው። ፈሳሹ 14 ቀን ካልሞላው ልጁ የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስያን ይታዘዝለታል። 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ሥር ሰዷል ማለት ነው፤ የሚያስፈልገው ጆሮውን ማድረቅና የጆሮ ጠብታ ነው። ማድረቁን እናት ቤቷ ትሠራዋለች፦ ንጹሕ፣ ውኃ የሚመጥ ጨርቅ እንደ ጧፍ ጠምዝዛ ጆሮው ውስጥ ታስገባለች፣ ሲርስ አውጥታ በሌላ ትተካለች፣ ጨርቁ ደርቆ እስኪወጣ ትደጋግመዋለች። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ታደርግና ጠብታውን የምትጨምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ መግል በሞላው ጆሮ ላይ የተንጠባጠበ መድኃኒት ቁስሉ ጋ አይደርስም። የሞቀ ዘይት፣ የጤና አዳም ጭማቂና የክብሪት እንጨት ግን የባሰ ጉዳት ያመጣሉ። ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ካበጠና ሲነካ ካመመ ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል።

ሌሎቹ መንስኤዎች

ኢትዮጵያ አፍሪካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በሚያቋርጠው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። ከበሽታው የተረፈ ልጅ መስማቱን አጥቶ ሊነሳ ይችላል፤ ኩፍኝና ጆሮ ደግፍም እንዲሁ። ስለዚህ ክትባት የጆሮም መከላከያ ነው። የሳንባ ምች ክትባት በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ክትባት ገባ፤ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. ሰፊ የማጅራት ገትር ክትባት ዘመቻ ተካሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሁለተኛው ዙር የኩፍኝ ክትባት ተጀመረ።

መድኃኒትም ጆሮ ይጎዳል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ሕይወት ያድናሉ፤ ዳሩ ግን የውስጥ ጆሮን ሊያበላሹ ስለሚችሉ መጠናቸውና ጊዜያቸው መጠበቅ አለበት። መርፌ ሲወስድ ጆሮው መጮህ የጀመረ ሰው ዝም ማለት የለበትም።

ከዚያ ደግሞ ከፍተኛ ድምፅ አለ። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የደኅንነት ወሰን ተደርጎ ይወሰዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት ውስጥ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው መጮህ ግድ ከሆነ ወሰኑ ታልፏል ማለት ነው።

ሰሜን ወሎ የጦርነትም ሰለባ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ ስትቆይ የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። በፍንዳታ የተቀደደ ታምቡር ውኃ ሳይገባው ከተጠበቀ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል፤ የውስጥ ጆሮ ጉዳት ግን አይመለስም።

ርቀቱና መሣሪያው

መስማት ከተጎዳ በኋላ መንገዱ ይረዝማል። የአንገት በላይ ሐኪምና የመስማት ልኬት ፍለጋ ደሴ ድረስ ለሚሄድ ሰው ርቀቱ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ድረስ ከሆነ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ የዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት እንደሚለው ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑ የአፍሪካ አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የመስማት ባለሙያ እንኳ አይደርስም።

መሣሪያው ተገኘ እንበል። ድምፅ ያጎላል እንጂ የተጎዳውን ጆሮ አያድስም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳህን ኳኳታው ሁሉ ያስጨንቃል፣ ለዚህ ነው ብዙዎች መሳቢያ ውስጥ የሚጥሉት። ባትሪው በየአንድ ሁለት ሳምንቱ ይለወጣል። የቆላው ላብ ያበላሸዋል፤ ማታ ማታ ማድረቅ ይሻል። ልጅ ከሆነ ጆሮው ባደገ ቁጥር ጆሮ ውስጥ የሚገባው ቅርጽ በአዲስ ይሠራል። መሣሪያ ቢያገኙ ሊጠቀሙ ከሚችሉት የዓለም ሰዎች የሚጠቀሙት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸው ከዚህም ጭምር የመጣ ነው።

ቤትና ትምህርት ቤት

ቡና ላይ ሦስት ሰው አንዴ ሲያወራ የማይሰሙ አባት ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ትንሽ ቆይቶ ሽምግልና መጠራታቸውም ይቀራል። ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት፣ ሳይጮኹ፣ ተራ በተራ መናገር ብዙ ይመልሳል። ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» የተባለውን ልጅ መምህሩ ክንድ ርቀት ከኋላው ቆሞ በሹክሹክታ ቃል ሊያስደግመው ይችላል፤ መድገም ካቃተው ለወላጅ መንገርና ጤና ጣቢያ መላክ ነው።

መሣሪያ ለማይረዳቸው የምልክት ቋንቋ አለ። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከ1963 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ቋንቋውን በዲግሪ ያስተምራል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ 568 በ2000 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጽድቃለች። ሕጉ ከተማ ላይ ላለው ሰው እንደሚደርሰው ሐራ ላይ ላለው አይደርሰውም።

ስለዚህ ለሀብሩ ወረዳም ሆነ ለወልድያ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ሦስት ነው። ክትባት ቀን የሕፃናት ጆሮ ይታያል ወይ? ጤና ጣቢያው የጆሮ ጠብታ ዓመቱን ሙሉ አለው ወይ? መሣሪያ ሲታደልስ ባትሪውና ጥገናው ቅርብ ከሆነ ቦታ ይገኛል ወይ? ለሦስተኛው ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ግን የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ ርካሽ ጠብታና ጆሮ ማየት የሰለጠነ ባለሙያ ነው፤ እነሱ ከተሟሉ ወደ ሦስተኛው የሚደርሰው ሰው ቁጥር ራሱ ይቀንሳል።