አዲስ ቤት የሠሩ ሰዎች የጥገና ወጪን እንዴት ያቅዱ?

ቤት ሠርቶ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለውን ጥሪት አሟጦ ነው። ለእንጨቱ፣ ለቆርቆሮውና ለባለሙያው ከከፈለ በኋላ የቤት ወጪ እንዳበቃ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ ቤት እንደ ማሳ ሁሉ በየዓመቱ ወጪ የሚጠይቅ ሀብት ነው። አርሶ አደር ለቀጣዩ ዘመን ዘር ሳያስቀር ምርቱን ሁሉ እንደማይሸጥ፣ የቤት ባለቤትም የጥገናውን ድርሻ ከገቢው አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል።

በገጠር ቀበሌዎችና በአነስተኛ ከተሞች በብዛት የሚታየው ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። የዚህ ቤት ዋነኛ ጠላቶች ውኃና ምስጥ ናቸው። የጣሪያ ሚስማር ሲላላ ወይም ጎማው ሲደርቅ የሚገባው ውኃ በመጀመሪያ ጠብታ ብቻ ነው፤ ውሎ ሲያድር ግን ወራጁንና ማገሩን ያበሰብሳል፣ ምርጊቱንም ያረግፋል። ከጣሪያ የወረደ ውኃ በግድግዳው ሥር ሲተኛ ደግሞ የቋሚዎቹን ሥር ያበሰብሳል፤ እርጥበት ያገኘውን እንጨትም ምስጥ በቀላሉ ያጠቃዋል። በጥቂት ሚስማሮች ሊቆም ይችል የነበረ ጉዳት ቋሚ እስከ መለወጥ የሚያደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ወጪውን ለማስላት ቀላሉ ዘዴ እያንዳንዱን የቤት ክፍል ለማደስ የሚያስፈልገውን ገንዘብ፣ ክፍሉ ያገለግላል ተብሎ ለሚገመተው ዓመት ማካፈል ነው። ለማሳያ ያህል፣ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ለመለወጥ 60 ሺህ ብር የሚጠይቅና 20 ዓመት የሚያገለግል ቢሆን የዓመቱ ድርሻ 3 ሺህ ብር ነው። በየ2 ዓመቱ 6 ሺህ ብር የሚወጣበት ምርጊት ሌላ 3 ሺህ ብር፣ በየ5 ዓመቱ በ5 ሺህ ብር የሚታደሱት በርና መስኮትም 1 ሺህ ብር ይይዛሉ። ለድንገተኛ ብልሽት 1 ሺህ ብር ሲታከልበት የዓመቱ ድምር 8 ሺህ ብር፣ በወር ሲታሰብም 670 ብር ገደማ ይሆናል። የዕቃ ዋጋ ስለሚጨምር ስሌቱን በየዓመቱ በወቅቱ ዋጋ ማደስ ያስፈልጋል።

ገንዘቡ የሚቀመጥበት ጊዜ ከገቢው ጋር መጣጣም አለበት። ደመወዝተኛ ወይም ነጋዴ በየወሩ በተለየ የባንክ ሒሳብ ወይም በዕቁብ ሊያጠራቅም ይችላል። አርሶ አደር ግን እህሉን በሚሸጥበት ወቅት የዓመቱን ድርሻ በአንድ ጊዜ ቢለይ ይመረጣል። ለምርጊት የሚሆነውን የጤፍ ጭድም በውቂያ ጊዜ ለይቶ ማስቀመጥ ኋላ ከመግዛት ያድናል። ሥራው በደቦ የሚከናወን ከሆነ ለደቦው የሚቀርበው ምግብና ጠላም ወጪ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የጣሪያና የውኃ መውረጃ ቦይ ሥራ ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቢጠናቀቅ መልካም ነው። በዝናብ የተጎዳ ምርጊት ደግሞ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጭቃው በሚገባ መድረቅ በሚችልበት የበጋ ወራት ይታደሳል።

በከተማ በጋራ ሕንፃ ቤት ለገቡ ነዋሪዎች ስሌቱ በሁለት ይከፈላል። የቤታቸው የውስጥ ጥገና የራሳቸው ሲሆን፣ ጣሪያውን፣ ደረጃውንና የፍሳሽ መስመሩን የመሳሰሉት የጋራ መጠቀሚያዎች ግን በባለቤቶቹ ማኅበር በኩል በሚሰበሰብ መዋጮ ይጠገናሉ። ስለዚህ መዋጮው ከወርኃዊ አስቤዛ ጋር አብሮ ሊያዝ ይገባል።

የተቀመጠው ገንዘብ ለሁሉም ባይበቃ ቅደም ተከተል ማውጣት ይገባል። መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የውኃ መውረጃ ቦዩ፣ ከዚያም ቋሚዎቹ ይጠገኑ። ቀለምና ጌጥ ቢዘገዩ ቤት አይፈርስም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ግን አንድ ክረምት በዘገየ ቁጥር ወጪው እየጨመረ ይሄዳል።