«ጤናማ» የተባሉት የእንግሊዝኛ ፈሊጦች የት የት ይገባሉ?

ወለጋ፣ አርጆ ላይ ሰላምታ ችኮላ አይወድም። «አከም ጅርቱ? ነጋዻ? ፈያዻ?» (እንዴት አላችሁ? ሰላም ነው? ጤና ነው?) እየተባለ ስለ ልጁም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ጎረቤቱም ይጠየቃል። የታመመ ሰው እንኳ መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» ካለ በኋላ ነው ወደ ሕመሙ የሚገባው። ይህን ለምዶ ያደገ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማርና 9ኛ ላይ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የጤና ፈሊጦችን ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው በሰንጠረዥ ተደርድረው ነው፤ በግራ ፈሊጡ፣ በቀኝ «ጤናማ» የሚል ፍቺ። ጣጣው ያለው በቀኙ በኩል ነው። ሁሉም «ጤናማ» ይባሉ እንጂ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ከሁሉም የሚያሳስተው «ክሊን ቢል ኦፍ ሄልዝ» ነው። እኛ ቢል የምናውቀው የመብራትና የውሃ ስለሆነ ተማሪው «የተከፈለ የሐኪም ሂሳብ» ቢለው አይፈረድበትም። እዚህ ላይ ግን ቢል ማለት ሰነድ ነው። በመርከብ ዘመን ከወደብ የሚነሳ መርከብ፣ የተነሳበት ከተማ ከወረርሽኝ ነጻ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይዞ ይጓዝ ነበር። ወረቀቱ ንጹህ ካልሆነ መንገደኛውም ጭነቱም ወደ ከተማ ሳይገባ ወሸባ ይቆያል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ለይቶ ማቆያ እንዲቀመጥ መታዘዙን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ሩቅ አይሆንም። አነጋገሩ ዛሬም ምርመራን ይጠይቃል። ከአርጆ ነቀምት ወርዶ ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ያደረገ ወጣት ውጤቱ ደህና ከሆነ «ክሊን ቢል ኦፍ ሄልዝ» አገኘ ይባላል። ሳይመረመር እንዲሁ ጤንነት ስለተሰማው ብቻ ግን አይባልም። ለሰው ብቻም አይደለም፤ ለቦሎ ተመርምሮ ያለፈ መኪናም፣ ኦዲት ተደርጎ ጉድለት ያልተገኘበት ማኅበርም ይባልለታል።

«ፊት አዝ ኤ ፊድል» ጉልበትን ያሳያል፤ ዳገት ወጥቶ ለማያለከልክ ሰው ይስማማል። ፊድል ቫዮሊን ነው። ቫዮሊን ከጤና ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ «ፊት» የሚለው ቃል ጥንት ተስማሚ፣ ለሥራው የተመቸ ማለት ነበር፤ የሰውነት ብቃትን ማመልከት የጀመረው ኋላ ነው።

«ራይት አዝ ሬይን» ደግሞ መለስ ማለትን ይሻል። በወባ ወድቆ መድኃኒቱን ጨርሶ የተነሳ ሰው ይለዋል እንጂ ቀድሞም ያልታመመ ሰው ሲለው እንግዳ ይመስላል። ሬይን ዝናብ ነው። ለወለጋ ገበሬ የሚመች ምሳሌ አይመስለኝም፤ ዝናብ በሰኔ በረከት ቢሆንም አጨዳ ላይ ሲመጣ እንኳን የጤና ምሳሌ ሊሆን እርግማን ነው። የዚህ ፈሊጥ ተቃራኒ «አንደር ዘ ዌዘር» ሲሆን መጠነኛ ሕመምን ብቻ ይገልጻል። ዌዘር የአየር ጠባይ ቢሆንም፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለ ዘመድ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ስለ በረዶው እያማረረ አይደለም፤ ጉንፋን ቢጤ ይዞታል ማለት ነው። ለከባድ ሕመም ግን አይሆንም፤ ቀዶ ሕክምና ስለሚጠብቀው ሰው እንዲህ ማለት ሕመሙን ማቃለል ነው።

«ኢን ዘ ፒንክ» አሁን አሮጌ ይሸታል፤ ስታነቡት እወቁት እንጂ ለመናገር አትድከሙ። «ሄይል ኤንድ ሃርቲ» በአብዛኛው ዕድሜው ገፍቶ ጉልበቱ ላልከዳው ሰው ነው፤ የ20 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ቢለው ያስቃል። «አላይቭ ኤንድ ኪኪንግ» ደግሞ «አለሁ፣ ገና አልሞትኩም» የሚል ጨዋታ አለው። ሰው ስለ ራሱ ወይም ለጓደኛው ይበለው። በ80 ዓመት አባት ፊት ስለ እሳቸው ከተባለ ግን እስካሁን መኖራቸው የገረመው ሰው ንግግር ይሆናል፤ ለእሳቸው «ሄይል ኤንድ ሃርቲ» ይሻላል።