ሸቀጥ እንደ ጎርፍ ሲገባ

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቀው ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ የቆመው ኑግ በሚዘራበት ጎጃም ነው። ድስታችን ግን ለዓመታት የለመደው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ የሚመጣውን የፓልም ዘይት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት አመልክታለች። አገር አባል ከሆነ በኋላ ቃል ከገባበት ጣሪያ በላይ እንዳሻው ቀረጥ መጨመር አይችልም። ታዲያ ዘይቱ በድንገት እንደ ክረምት ጎርፍ ቢገባስ?

ለዚያ ቀን የተተወ በር አለ፤ ሴፍጋርድ ይባላል። ዕቃውን ያለአግባብ አርክሶ በሚልክ ላይ ከሚጣለው ፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ የሚለየው፣ ላኪው አጥፍቷል ማለት ስለማያስፈልግ ነው። ሻጩ ምንም ሳያጭበረብር የዕቃው መብዛት ብቻ የአገሩን አምራች ክፉኛ ከጎዳ፣ መንግሥት ቀረጥ ይጨምራል ወይም ኮታ ይጥላል። መጀመሪያ እስከ 4 ዓመት፣ ሲራዘም እስከ 8፣ ለታዳጊ አገር እስከ 10።

ቻይና ታኅሣሥ 2 ቀን 1994 ዓ.ም. ወደ ድርጅቱ ስትገባ ይህም አልበቃ ብሎ፣ በእሷ ዕቃ ላይ ብቻ የሚሠራ የ12 ዓመት ልዩ መከላከያ በመግቢያ ሰነዷ ላይ ተጻፈ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በቻይና የመኪና ጎማ ላይ 35 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ የጣለችው በዚሁ አንቀጽ ነው። ቻይና በገባችበት ሰሞን የመርካቶ ጫማ ሠሪዎችም በቻይና ጫማ ገበያቸውን ተነጥቀው ነበር። አንቀጹ የአባላት መብት ነውና ለእነሱ አልደረሰም። ብዙዎች ዘጉ፤ የቀሩት ሞዴሉን አጥንተው፣ ጥራት አሻሽለው፣ በገዛ እጃቸው ገበያቸውን አስመለሱ። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል።

አባል ብንሆን ኖሮስ? ሴፍጋርድ ከመጣሉ በፊት ምርመራ አለ፤ መርማሪው የሚጠይቀውም ቁጥር ነው፦ ሽያጭ፣ ምርት፣ ትርፍና ኪሳራ፣ የሠራተኛ ብዛት። በጓዳ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ የያዘው በቃሉ ነው። የጉዳቱ ምክንያትም ተለይቶ መታየት አለበት፤ የዘይት መጭመቂያው ማሽን የቆመው በኑግ እጥረት ወይም በመብራት መጥፋት ከሆነ፣ ያ ጉዳት በውጭው ዘይት አይላከክም።

ደንቡ «በቀጥታ የሚወዳደር» ዕቃ የሠራንም አምራች ስለሚያይ፣ ኑግ ጨማቂው ፓልም ባያመርትም አቤት ማለት ይችላል። ስለዚህ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ኑግ የሚጨምቅ ሁሉ ስንት ኩንታል ገዝቶ፣ ስንት ሊትር በስንት ብር እንደሸጠ በየወሩ ቢጽፍ ምኞቴ ነው፤ ምርመራው ሲመጣ የሚመለከተው ያለፉትን ዓመታት ነውና።