ቴሌስኮፑ በአውድማ ላይ ሲተከል

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት የበጋ ወራት በብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። በእነዚህ ወራት መብራት ባልገባበት ቀበሌ ደጅ ወጥቶ ሽቅብ ያየ ሰው ፍኖተ ሐሊብን ከዳር እስከ ዳር ይመለከታል። ይህ ጨለማ ለሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ሀብት ነው። በእንጦጦ ተራራ ላይ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ቦታ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምርምር ማዕከል፣ መስተዋታቸው 1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቢኖሩትም፣ ከሥሩ የተዘረጋው የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ያደበዝዝበታል። ለወደፊቱ ለሚታሰበው ትልቅ መመልከቻ በላሊበላ አካባቢ ያሉ ተራሮች የተጠኑትም ገጠሩ ይህ ጨለማ ስላለው ነው።

በትምህርት ቤቶችና በሳይንስ ክበባት እጅ የሚገኙት ግን ከእነዚህ እጅግ ያነሱ፣ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያደርሳቸው፣ በኮምፒዩተርና በሞተር የሚዞሩ ቴሌስኮፖች ናቸው። መስተዋታቸው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው ዓይነት የጨረቃን ጉድጓዶች፣ የሳተርንን ቀለበትና ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ጥርት አድርጎ ያሳያል። አንዳንዶቹ እስከ 40 ሺህ የሚደርሱ የሰማይ አካላትን አድራሻ በውስጣቸው ይዘዋል። የሚፈለገው ስም በእጅ መቆጣጠሪያው ላይ ሲመረጥ ሞተሩ መሣሪያውን ወደዚያው ያዞረዋል። ይሁን እንጂ ይህ የሚሆነው መሣሪያው የት እንደቆመና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ በትክክል ከተነገረው ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ፣ ሁለት መቶ ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅ ባዶ ሰማይ ሲያሳይ ያመሻል፤ ሕዝቡም «ውሸት ነው» ብሎ ይበተናል። አንድ ጊዜ እንዲህ የተበተነ ሕዝብ ደግሞ በቀላሉ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ምሽቱን የሚያስተናግዱት የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ነገሩን ለባለሙያው ብቻ ትተው ዳር መቆም የለባቸውም።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቦታ ነው። የታረሰ መሬት አይሆንም፤ የባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ እየሰመጠ ይዘማል። ከሁሉ የሚሻለው ምርቱ ተነስቶ የተጠረገ አውድማ ነው። ጠንካራ፣ ደልዳላና ዙሪያው ገላጣ ሆኖ ይገኛልና። አቧራና ገለባ እንዳይነሳ ከቀን ጀምሮ ውኃ ቢረጭበት መልካም ነው። ከብት ከአካባቢው መራቅ፣ የእሳት ጭስም ከነፋሱ በላይ እንዳይሆን መጠበቅ አለበት። የማቆሚያው እግሮች እስከ መጨረሻ ሳይመዘዙ አጠር ብለው ቢተከሉ ንቅናቄው ይቀንሳል። መስተካከሉም ግንበኛ በሚጠቀምበት ውኃ ልክ ይታያል።

ጀምበር ሳትጠልቅ መሠራት ያለበት አንድ ሥራ አለ። በዋናው ቱቦ ጎን የተገጠመችው ትንሿ ማነጣጠሪያ ከቱቦው ጋር አንድ አቅጣጫ ማየት አለባት። ለዚህም ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ነገር፣ በሸንተረር ላይ የቆመ ዛፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ በዋናው ቱቦ መሃል ከገባ በኋላ የማነጣጠሪያዋ ብሎኖች እየተዞሩ እሷም ያንኑ መሃሏ ላይ እንድታስገባ ይደረጋል። ምስሉ ተገልብጦ ቢታይ ብልሽት አይደለም፤ የመስተዋቱ ጠባይ ነው። በዚህ ጊዜ ቱቦው ወደ ፀሐይ ፈጽሞ መዞር የለበትም። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በተጋረደችበት ጊዜ ስለ ዓይን ጥንቃቄ ብዙ ተነግሮ ነበር። ተገቢው መከላከያ ሳይኖረው በቴሌስኮፕ ፀሐይን ያየ ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ሕፃናት በመሣሪያው ዙሪያ ብቻቸውን እንዳይተዉ አንድ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው መመደብ አለበት።

ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩ ይጠይቃል፤ ብዙው ስሕተትም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በገጠር ሰው አነጋገር ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚባለው በመሣሪያው አቆጣጠር 20 ሰዓት ነው። ሰማይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለሚዞር፣ 2 ብሎ የሞላ ሰው የስድስት ሰዓት ልዩነት፣ ማለትም 90 ዲግሪ ያዛባል። ያኔ መሣሪያው ከአድማስ በታች ያሉትን ኮከቦች ምረጥ ይላል፤ አናት ላይ የቆመውን ኮከብ ደግሞ አሁን አይታይም ብሎ ይከራከራል። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. በመሣሪያው ዘንድ ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 ነው፤ ከዚህም ላይ ብዙዎቹ የአሜሪካ ሥሪቶች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ጥርን አምስተኛ ወር ብሎ የሞላ ሰው ወደ ሜይ ወር ይገባል። ሌላም ወጥመድ አለ። በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ሲሆን መሣሪያው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ይለውጠዋል። እስከዚያ ያመሸና መሣሪያውን አጥፍቶ እንደገና የሚያበራ ሰው የነገውን ቀን መሙላት አለበት። ኢትዮጵያ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የምትቀድም ስለሆነች በሰዓት ክልሉ ላይ 3 ይሞላል፤ የበጋ ሰዓት ለውጥ ይኑር ወይ ሲባል የለም ይባላል። የቀበሌው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካልተገኘ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ከእጅ ስልክ ማግኘት ይቻላል።

የሰሜን ኮከብ ጉዳይም ከውጭ አገር መመሪያ ጋር አይገጥምም። ኮከቡ ከአድማስ የሚነሳበት ከፍታ ከቦታው ኬክሮስ ጋር እኩል ስለሆነ በአውሮፓ ከፍ ብሎ የሚታየው በእኛ አገር ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ነው። በሰሜን በኩል ተራራ ካለ ጨርሶ አይታይም። ሽቅብና ቁልቁል፣ ግራና ቀኝ ብቻ የሚዞረው ዓይነት ግን እሱን የግድ አይፈልግም፤ ሁለት ብሩህ ኮከቦች ይበቁታል።

ሁለቱ ተቀራራቢ ወይም ልክ ከአናት በላይ ባይሆኑ ይመረጣል። በጥርና በየካቲት ምሽት በደቡብ ምሥራቅ ሲሪየስ፣ በሰሜን በኩል ካፔላ ጥሩ ጥንድ ናቸው። ሲሪየስን በጁፒተር የሚያሳስት ግን አለ። የሚመረጠው ኮከብ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ በዓይን መመልከቻው ይታያል። ኮከብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ፕላኔት ክብ ሆኖ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ ሌሊት ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ሽማግሌዎች ማን መቼ ከየት እንደሚወጣ ስለሚያውቁ ከመመሪያው ወረቀት ይልቅ ይረዳሉ። ኮከቡ መጀመሪያ በማነጣጠሪያዋ፣ ከዚያም በዋናው ቱቦ መሃል ይገባል። የመጨረሻዋ እንቅስቃሴ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቁልፎች፣ ለምሳሌ በሽቅብና በቀኝ፣ ብትጠናቀቅ የሞተሩ ጥርሶች ልቅነት አያሳስትም። ሁለተኛውም እንዲሁ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ማንም ማቆሚያውን መንካት የለበትም። አንድ ልጅ እግሩን ቢገጭ ሥራው ሁሉ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ስለዚህ ሰልፉን ለማስተካከል ዙሪያውን በገመድ መከለል ይሻላል።

ባትሪ ድንጋይ በብርድ ቶሎ ይደክማል። የ12 ቮልት የመኪና ባትሪ በትክክለኛው ገመድ ቢያያዝ ሌሊቱን ይዘልቃል። ባትሪው ሲደክም መሣሪያው ያለ ምክንያት መዞርና መሳት ስለሚጀምር፣ ተበላሸ ከማለት በፊት እሱን ማየት ያስፈልጋል። ዓይን ጨለማውን ለመልመድ 20 ወይም 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ የአንድ መኪና መብራት ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። የእጅ ባትሪ ካስፈለገ በቀይ ጨርቅ ይሸፈን።

ሕዝቡ በተሰበሰበበት መጠየቁ የማይቀር ነገር አለ። ኮከቤ ምን ይላል የሚል ሰው ይመጣል። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ የተለያዩ መሆናቸውን ሰው ሳያሳፍሩ በጭውውት ማስረዳት ከመሪዎች ይጠበቃል።

ለመጀመሪያው ምሽት ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ቢመረጥ ጥሩ ነው። ጥላዋ ጉድጓዶቿን ያጎላል፤ ሙሉ ስትሆን ብርሃኗ ሁሉንም ያጠፋዋል። መብራት ወደ ቀበሌው በሚገባበት ጊዜም የወፍጮ ቤቱና የመጋዘኑ አምፖል ወደ ታች እንዲያበራ ቆብ ቢደረግለት ለጥበቃው ሥራ አይጎድለውም፤ ሰማዩም ለልጆቹ ይተርፋል። ሥራው ሲያበቃ ቱቦው ጤዛው እስኪደርቅ ክዳኑ ሳይዘጋ ቤት ውስጥ ይቆያል፤ ጠዋት ተከድኖ ወደ ሣጥኑ ይገባና ቁልፉ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል በፊርማ ይመለሳል።